ሁለት እጁ ለማን፣ ሲሶው ለማን?

ኑ እስቲ ቅረቡ፤ ቡናው ሳይወርድ እንጫወት። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፓርላማ ነው። የፓርላማ ወሬ እንቅልፍ እንደሚያመጣ ስለማውቅ አቦሉን ወፈር አድርጋችሁ ቅዱት። በስኳር የለመዳችሁ በስኳር፣ በጨው የለመዳችሁ በጨው፤ እኛ አገር ሁለቱም ያስኬዳል።

እኛ አገር ያልኩት ሉማሜን ነው። ሉማሜን አላውቃትም የሚል ብዙ ሰው አልፏት ሄዷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ደጀን ላይ የተደፈነ ጆሮው ይከፈትለታል፣ ብርድ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ግራ ቀኟ ጤፍና ስንዴ የሆነች አንዲት ከተማ በመስኮት ታልፈዋለች። እሷ ናት። የአዋበል ወረዳ መቀመጫ። ሹፌሩ ካልራበው አይቆምባትም።

ነገሬን ከአንድ ሽማግሌ ልጀምር። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ነበሩ። ስለ መንግሥት ሲያወሩ እጃቸውን ማንሣት ይወዳሉ፤ ጣታቸው ግን ሁሌ ወደ አንድ ቦታ አይጠቁምም። የንጉሡን ዘመን ሲያነሡ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ። ያሁኑን ሲያነሡ ከጮቄ ማዶ፣ ወደ ባሕር ዳር። አዲስ አበባን ለማለት ደግሞ ዞር እንኳ ሳይሉ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓባይ። እኛ ልጆቹ እንስቅባቸው ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ሰውዬው ከቀያቸው ሳይነቃነቁ በአንድ ዕድሜ ለጭቃ ሹም፣ ለወረዳ፣ ለአውራጃ፣ ለጠቅላይ ግዛት፣ ለገበሬ ማኅበር፣ ለክፍለ ሀገር፣ ለቀበሌ፣ ለዞንና ለክልል ተዳድረዋል። ጣታቸው ቢወዛገብ ምን ይፈረድበታል?

አዲስ አደረጃጀት መጣ ተብሎ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነበር። "ገንዘቡስ ኸየት ነው የሚመጣ?" ሰብሳቢው ወጣት ነው፤ በአክብሮት "አባባ፣ እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይብራራል" ይላቸዋል። ሲብራራ ግን አልሰማሁም።

እስቲ የምሥራቅ ጎጃምን ወረዳዎች ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩ። እነማይ፣ እናርጅ እናውጋ፣ ሸበል በረንታ፣ ደባይ ጥላት ግን፣ እነብሴ ሳር ምድር። ስም አይደለም፣ ቅኔ ይመስላል። ሁለቱን ግን ልብ በሉልኝ። ሞጣ የተቀመጠችበት ወረዳ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል። ግንደወይን የተቀመጠችበት ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ። ሁለት እጅና ሲሶ! እነሴ የሚባለው አገር አንድ ጊዜ ለሦስት ተመትሮ ሁለቱ እጅ ወዲህ፣ ሲሶው ወዲያ መሄዱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ያካፈለው ሰው አፈር ሆኗል፤ ክፍልፋዩ ግን ዛሬም በየደብዳቤው ግርጌ በማኅተም ይመታል። በዓለም ላይ በክፍልፋይ የሚጠራ ወረዳ ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።

ይህ እንዲያው የመጣ አይደለም። "ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ላራሽ" ሲል የኖረው ያገራችን ሰው ክፍልፋይን የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከግብር ነው። እሱ ዘንድ አስተዳደር ማለት መጀመሪያ ማካፈል ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ "የአካባቢ አስተዳደር ማሻሻያ" የሚባል ወረቀት ሲመጣ የሚያነብበት የራሱ መነጽር አለው፤ ሁለት እጁ ለማን፣ ሲሶው ለማን?

መነጽሩን አድርገን ትንሽ ወደ ኋላ እንይ። በ1934 ነሐሴ ላይ፣ ጣሊያን ከወጣ ገና በዓመቱ፣ የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ወጣ። አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተሰደረ። በፊት ገዥ ማለት ካገሩ ሰብስቦ፣ ካገሩ በልቶ፣ የተረፈውን ለንጉሥ የሚልክ ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ ገዥው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩም ለገንዘብ ሚኒስቴር ገባ። ጎጃምም እያደር ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር፣ ባሕር ዳርና መተከል የሚባሉ ሰባት አውራጃዎች ሆነ። ወንበሩ በየአውራጃው ተዘረጋ፣ ከረጢቱ ግን ዓባይን ተሻገረ። ሥርዓት ነው፣ አልነቅፈውም። የመሳፍንቱን ዘረፋ ያየ ሰው ደመወዝተኛ ገዥ ቢመጣለት እሰየው ይላል። ግን ከረጢት አንዴ ከተሻገረ በቀላሉ አይመለስም።

የወሰን ነገር እዚያ ሰፈር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማወቅ በላይ ዘለቀን ማስታወስ ይበቃል። አምስት ዓመት በዱር ሲዋጋ ሰፊ አገር በእጁ ነበር። ድል ሲሆን የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና ግዛት ተሰጠው። ቢቸና ብቻ። ከዚያ ቅሬታው፣ ሽፍትነቱ፣ በመጨረሻም በ1937 አዲስ አበባ ላይ ስቅላቱ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር አልልም። የአንድ አውራጃ ስፋት ግን ባለሙያ በማስመሪያ የሚያሰምረው መስመር ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ፓርላማው ልውሰዳችሁ። ሁለተኛውን ቅዱ።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት አቆመ። ስሙ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት፤ ከጎኑ ንጉሡ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መባቻ ተደረገ። ፓርቲ የለም፤ እንደራሴ የሚሆን ሰው ግን በሚመረጥበት አካባቢ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባብዛኛው ባለ መሬት ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

መጋቢት 1958 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ቁጥር 43 የሚባል አወጡ። የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ። በዚያው ሰሞን ነው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው፤ አዲስ አበባ ላይ የማሻሻያ ነፋስ ነፈሰ የተባለበት ጊዜ ነው። የትእዛዙ ሐሳብ ቀላል ነው። አውራጃው በሕግ ሰውነት ይኑረው። ሕዝቡ የሚመርጠው የአውራጃ ምክር ቤት ይቋቋም። ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ያገር ቤቱን መንገድ ይኸው ምክር ቤት ያስብበት። ለዚህም እዚያው ከሚሰበሰበው ግብር ከፊሉ እዚያው ይቅርለት። ነገሩ ባንዴ በመላ አገሪቱ ሳይሆን በተመረጡ አውራጃዎች እየተሞከረ እንዲሄድ ታስቦ ነበር።

እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። በ1958! የወረዳ በጀት፣ የታችኛው እርከን ሥልጣን፣ የሕዝብ ተሳትፎ እያልን በየአዳራሹ ስንሰበሰብ አዲስ ነገር ያገኘን ይመስለን ነበር። ለካ ነገሩ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

እንግዲህ ወጥመዱን ተመልከቱ። መሥሪያ ቤት ማቋቋም፣ ሥልጣን ማደላደል የንጉሡ ድርሻ ስለሆነ ትእዛዙን ለማውጣት ፓርላማ አላስፈለገም። ግብርን መንካት ግን ሕግ ይጠይቃል፤ ሕግ ደግሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች ማለፍ አለበት። ስለዚህ ወንበሩ በትእዛዝ መጣ፣ የገንዘቡ ሕግ ፓርላማ ገባ። ገብቶም ቀረ። ፓርላማው አላሳለፈውም። ትእዛዝ ቁጥር 43 በነጋሪት ጋዜጣ ላይ አምሮ ታትሞ ሳለ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ለምን? እዚህ ላይ የራሴን ግምት ነው የምነግራችሁ። አንድ የቢቸና ወይም የሞጣ እንደራሴ ነኝ በሉ። አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ፣ ደጅ ጠንቼ፣ "ለአገሬ ትምህርት ቤት አስፈቀድኩ" ብዬ ነው በአገሬ ሰው ፊት የምከበረው። ነገ አውራጃው የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ገንዘብ ሲኖረው እኔን ማን ይፈልገኛል? ሌላም አለ። መሬቱ የእኔ ነው፤ የአውራጃው ምክር ቤት ግብር ልጨምር ቢል መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። እጄን ለማውጣት የማመነታበት በቂ ምክንያት አለኝ። ያ ፓርላማ እንደሚባለው ማኅተም መቺ ብቻ አልነበረም፤ እንቢ ማለትም ያውቅ ነበር። የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ረቂቅም እየተንከባለለ፣ እየተመለሰ፣ ሳይጸድቅ አብዮቱ የደረሰበት እዚያው ቤት ነው። እንቢታው ግን ለማን ይጠቅም እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

አንድ ሕግ ግን አለፈ፤ ጎጃምን የነካውም እሱ ነው።

የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255። ኅዳር 1960። ከረዥም ክርክርና ከማሻሻያ በኋላ ነው የወጣው። ፒተር ሹዋብ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ይህ ግብር በፓርላማ እንዴት እንደተፈተለ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል። በወረቀት ሲታይ አዋጁ ክፉ አይደለም። የጥንቱን አሥራት ይሽራል፤ በምትኩ ገበሬው ከምርቱ ባገኘው ገቢ መጠን ይክፈል ይላል። ብዙ ያለው ብዙ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ። ማን ይጠላዋል?

ጎጃም ጠላው። ምክንያቱም ገቢን ለማወቅ ገማች ማሳው ድረስ መምጣት አለበት። ገማች ከመጣ ቆጣሪ ይከተላል፤ ቆጣሪ ከመጣ ቀላድ ጣዩ ሩቅ አይደለም። መሬት በገመድ ሲለካ ሌላው አገር ምን እንደሆነ፣ ባለርስቱ እንዴት ጭሰኛ እንደሆነ የጎጃም ገበሬ ሲሰማ ኖሯል። ርስቱ ለእሱ ገቢ ማስገኛ ብቻ አልነበረም፤ የአባቱ ስም ነው። ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ደግሞ ሰው የማባበል ስጦታ ያላቸው ሰው አልነበሩም። ያገር ሽማግሌ አዲስ አበባ ተልኮ አቤት ተባለ፤ ምላሹ የረባ አልሆነም። በ1960 ያ አገር ሸፈተ፤ ቢቸናና ሞጣ ከግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ነጭ ለባሽ ዘመተ፣ ፖሊስ ዘመተ፣ ኋላም የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች በጻፈው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በስፋት ተርኮታል፤ ያገኛችሁ አንብቡት። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በዚያ አገር እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በ1958 "ግብርህ እዚህ ይቀራል፣ አንተም ትመክርበታለህ" የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ገንዘቡ ፓርላማ ቀረ። በ1960 "ግብርህን እንገምታለን" የሚል አዋጅ ከዚያው ፓርላማ ወጣ። መምከሪያው ቀርቶ መክፈያው ብቻ መጣ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቢሆን፣ ገማቹ የመጣው ገበሬው ራሱ ከመረጠው የአውራጃ ምክር ቤት ቢሆን፣ ጎጃም አይሸፍትም ነበር ብዬ አልምልም። ጎጃምን የሚያውቅ እንዲህ ያለ መሐላ አይምልም። ግን የጎረቤታችን ሽማግሌ ጥያቄ ለአንድ ጊዜ እንኳ መልስ ያገኝ ነበር።

የደርግን ዘመን ቶሎ ልለፈው። የሚወራ አጥቼ አይደለም፤ ቡናው እንዳይቀዘቅዝብን ነው። ከየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ በኋላ በ800 ሔክታር የተለካ ገበሬ ማኅበር መጣ። ያ የሚፈራው ልኬት በሌላ በር ገባ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ጭሰኝነትን ይዞ ሳይሆን ሽሮ ስለመጣ ብዙ አገር ዘፍኖ ተቀበለው። ቀጥሎ ፕላን የሚባለው ነገር ነገሠ። አገሪቱ በሰባት የፕላን ቀጣናዎች ተከፈለች፤ ጎጃምና ጎንደር ሰሜን ምዕራብ ተብለው ቢሮው ባሕር ዳር ሆነ። ያ የሽማግሌው ጣት ወደ ባሕር ዳር መዞር የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ከእኛ አጠገብ፣ ደጀን ወረዳ ውስጥ ያለችው የትኖራ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአገር ማሳያ ሆና ጎብኚ ይጎርፍባት ነበር። ፕላኑ የሚጻፈው ላይ፣ ቁጥሩ የሚሞላው ታች። በ1980 መስከረም ብሔራዊ ሸንጎ ተቀምጦ ያስተዳደር አካባቢዎችን ጉዳይ አየ፤ ጎጃምም ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተባለ። ሸንጎው ውስጥ እጅ አወጣጡ እንዴት እንደነበር ለማታውቁ ወጣቶች፣ ሁሉም እጅ ባንድ ላይ ነበር የሚወጣው።

ሦስተኛውን ቅዱ፣ በረካውን። አሁን ወደ ዛሬው ደረስን።

በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎች መጡ፤ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። "በቂ" የምትለዋን ቃል ማን እንዳስገባት ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር፤ እንዲህ የምትለጠጥ ቃል፣ ስንት አውደ ጥናት ተበላባት! በ1994 ግን አንድ የምር ነገር ተደረገ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ተሻሻለ፤ ወረዳዎች በቀመር የሚሰላ ጥቅል በጀት ይሰጣቸው ጀመር። ከዞን መሥሪያ ቤት ብዙ ሠራተኛ ሻንጣውን እያሰረ ወደ ወረዳ ወረደ። ሉማሜን በመሰሉ ከተሞች የኪራይ ቤት የተወደደው ያኔ ነው ብል ብዙ አከራይ ይመሰክርልኛል።

ከ1934 ወዲህ ከረጢቱ ወደ ታች ሲወርድ ያየነው ያኔ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመሩን ይወስናል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል፣ ባሕር ዳር ያለው የክልል ምክር ቤት ለወረዳዎች ያካፍላል፤ ከዚያ አዋበል የራሱን ድርሻ ያገኛል። ያገኝና ይፈታዋል። ሲፈታው ባብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው። ከደመወዙ የተረፈው ለሥራ ማስኬጃ፣ ከሥራ ማስኬጃ የተረፈው ለካፒታል። ከዚያ ድልድይ ሲፈርስ ምን ይደረጋል? ስብሰባ ይጠራል፣ የሕዝብ መዋጮ ይባላል። መክፈያው እንደገና መጣ ማለት ነው።

አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ላንሣ። ወረዳው ምክር ቤት አለው፤ ቀበሌውም አለው። ዞኑስ? የምሥራቅ ጎጃም ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ደብረ ማርቆስ ያለው የዞን መሥሪያ ቤት የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው። ጎረቤታችን አዊ ግን እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ምክንያቱም የብሔረሰብ አስተዳደር ነው፣ እንደ ዋግ ኽምራና እንደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። ለእነሱ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ ቅናት አይደለም የምናገረው። የምለው ይህን ነው፤ የጮቄ ተራራ ውኃ የአንድ ወረዳ አይደለም። ከእሱ የሚነሡት ወንዞች ብዙ ወረዳ አቋርጠው ነው ዓባይ የሚገቡት። ላይኛው ወረዳ ዛፍ ቢቆርጥ ታችኛው ወረዳ ጎርፍ ይቀበላል። ከሉማሜ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ መንገድም የአንድ ወረዳ አቅም አይደለም። ወረዳ የሚያንስበት፣ ክልል የሚርቅበት ሥራ አለ፤ ያንን ሥራ በፊት አውራጃ የሚባለው እርከን ነበር የሚያቅደው። ትእዛዝ ቁጥር 43 ምክር ቤት ሊሰጠው ያሰበው ለዚሁ እርከን ነበር። ዛሬ በዚያ ከፍታ ላይ ቢሮ አለ፣ መኪና አለ፣ ሪፖርት ተቀባይ አለ። መራጭ ግን የለውም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የማየው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ዴንማርኮች በ1999 ዓ.ም 271 የነበሩትን ማዘጋጃ ቤቶች ጨፍልቀው 98 አደረጓቸው። እኛ ደግሞ አንዱን ለሁለት ስንከፍል ደስ ይለናል፤ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት መኪና። ይበልጥ የሚመስለን ግን የኬንያው ነው። በ2002 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቋመ፤ ከአገሪቱ ገቢም ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎቹ ይድረስ ብሎ ቁጥሩን ራሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቸነከረው። "በቂ" አላለም፣ 15 አለ። ከዚያስ ሰላም ሆነ? የት ሆኖ! በየጊዜው ሴኔቱና ታችኛው ምክር ቤት በክፍፍሉ ይጣላሉ። በ2011 ሐምሌ ጭራሽ ተካረው የካውንቲ ገዥዎቹ በናይሮቢ ጎዳና በሰልፍ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ገዥ ሰልፍ ሲወጣ አስቡት! ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ቀናሁ። ክርክሩ ስለ ትክክለኛው ነገር ነው፤ ሁለት እጁ ለማን፣ ሲሶው ለማን።

የእኛ ፓርላማ ስለ አካባቢ አስተዳደር የጦፈበትን ቀን አስታውሱ ብትሉኝ 2011 ታኅሣሥ ትዝ ይለኛል። የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 1101 የቀረበ ዕለት። የትግራይ ተወካዮች ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ይጣሳል ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደገፉ፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ። እጅ ሁሉ ባንድ ላይ ሲወጣ ለለመደ ተመልካች ይህም ትርዒት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ በ2012 በሕዝበ ውሳኔ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ክልል ሆኑ። ሁሉም ክርክር ስለ መስመሩ ነበር፤ መስመሩ በየት ይለፍ፣ ከተማው የት ይሁን። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ውስጡ ያለችው ወረዳ ስንት ብር ይዛ እንደምታድር ሲከራከሩበት ያየሁት እምብዛም ነው። የእኛ ክልል ከ2015 ወዲህ ያለበትን ሁኔታ ደግሞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መሥሪያ ቤት መክፈትና መዝጋት ራሱ ወሬ በሆነበት ጊዜ ስለ አደረጃጀት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቅንጦት አይመስለኝም፤ በ1960ም ነገሩ የጀመረው ሰው የማይመክርበትን ክፈል ሲባል ነው።

እኒያ ሽማግሌ ዛሬ የሉም። ልጃቸው እዚያው ሉማሜ ነው፤ ባለፈው ስንገናኝ ስለ አዲስ አደረጃጀት ወሬ እንደሰማ አጫወተኝ። ወደየት ይጠቁም እንደሆነ ብዬ ጣቱን አየሁት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር የሚያወራው።

በሉ፣ ረከቦቱ ሳይነሣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የጸደቀውን በጀት ሕዝብ በሚያነብበት ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍበት አሠራር አለ። በየወረዳችሁ ሄዳችሁ ፈልጉት፤ ካልተለጠፈም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ስታገኙት የደመወዙን መስመር እለፉትና ካፒታል የሚለውን አንብቡ፤ ከዚያ ለወረዳ ምክር ቤት የመረጣችሁትን ሰው ቡና ጠርታችሁ ያንን ቁጥር ጠይቁት።